የአመድ መድፊያው ጽጌረዳ

ባለፈው እሑድ ጠዋት የቀድሞ ጎረቤታችን የባላምባራስ አድማሱ የልጅ ልጅ በሬን አንኳኳ። አዲስ ቤት ሠርቶ ግቢውን ማሳመር አምሮታል። «እማማ፣ ከዚያ ከጥጉ ጽጌረዳ ለመትከያ የሚሆን ቆርጠው ይሰጡኛል?» አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። አፍንጫውን ሳይ ግን አያቱ ትዝ አሉኝ።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ሰፋፊ ግቢዎች አንዱ የባላምባራስ ነበር። ያም ሆኖ አባቴ ሲሞት ዓይናቸው የእኛዋ ጠባብ ግቢ ላይ አረፈ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አጥር ያሳድሳሉ፤ በታደሰ ቁጥር አጥሩ ወደ እኛ ፈቀቅ ይላል። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ይሮጣል። እሳቸው በርኖስ ደርበው፣ ወንበር አስወጥተው፣ ቁጭ ብለው ነበር የሚሰርቁት። በወሰዱት መሬት ላይ ደግሞ አንድ ጎመን አልተከሉም፤ ሳማ በቀለበት።

እናቴ ከሰሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ «አላየንም» አለ፤ ጠላችንን ሲጠጣ ግን አፍ ነበረው። ዳኛውም የሚወሰደው ጥግ አመድ መድፊያ መሆኑን ሲሰማ ሣቀ። «ለዚህ ጠፍ መሬት ነው እንዴ? በይ ምስክር ይዘሽ ነይ» ብሎ አሰናበታት።

እማዬ ቤት እንደገባች መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አካፋ አነሳች። እኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ አብሬያት አመዱን ዛቅሁ፣ ሳማውንና ጉሎውን ነቀልሁ፣ እጄ ተለብልቦ አበጠ። አፈሩን በበግ ፍግ አለሰለስነው። ሮብ ገበያ የምትኖረው አክስቴ ሥር ያወጣ ጽጌረዳ ላከችልን፤ እሱን አጥሩ ሥር፣ አሪቲ ደግሞ ከፊቱ ተከልን። ማታ ማታ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ዝናቡን እንጠብቅ ነበር። ባላምባራስ በአጥር አሻግረው አዩንና፣ «ባል የሌላት ሴት በአበባ ትጫወት ጀመር» አሉ። እማዬ ቀና አላለችም።

ጥቅምት ላይ ጽጌረዳው ፈነዳ። በአጥሩ ማዶ ለእድሳቱ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ተከምሮ ነበር። ዘንድሮ ጥጉ ሙሉ በሙሉ ሊሄድብን ነው ብለን ፈራን።

በዚያው ሳምንት ባላምባራስ የአውራጃው ገዥ ባለቤትን ምሳ ጋበዙ፤ በግም አሳረዱ። ወይዘሮዋ የጽጌን ጾም ይጹሙ አይጹሙ መጠየቅ ለእንዲህ ያለ ታላቅ ሰው የሚገባ ሥራ አልነበረም! ሴትየዋ ጾመኛ ነበሩ። ወጡ ሳይነካ ቀረ፤ ሽታው ለእኛ ተረፈን። እንግዳዋ ከማዕዱ ለመሸሽ ግቢውን ሊያዩ ሲወጡ ጽጌረዳውን አዩት።

«እንዲህ ያለውን ነበር ለማርያም ይዞ መሄድ» አሉ።

ባላምባራስ እጃቸውን በአጥሩ ሰደዱ። እንዳይታለፍ ብለው ያስጠቀጠቁት አጥር እሳቸውንም አላሳልፍ አለ። ስለዚህ እንግዳዋንና ተከታዮቻቸውን አስከትለው በእኛ በር መጡ። መንደሩም ግርግር አይቶ ከኋላ ተሰበሰበ።

«አንቺ፣ ለወይዘሮ ከዚያ አበባ ቁረጪላቸው» አሏት እናቴን።

እማዬ ለወይዘሮዋ እጅ ነሣች። ከዚያ ማጭዷን እንደያዘች ወደ ባላምባራስ ዞረች። «ከማን ግቢ ልቁረጥ?»

ባላምባራስ እንግዳዋን አዩ፤ ጎረቤቱን አዩ። የእኔ ነው እንዳይሉ፣ በሰው በር ገብተው እየለመኑ ነው።

«ካንቺ ግቢ ነዋ» አሉ ባፍንጫቸው።

«ምን አሉኝ ጌታዬ? አልሰማሁም።»

«ካንቺ ግቢ አልሁሽ!»

እማዬ የፈነዳውን ሁሉ ቆርጣ ለወይዘሮዋ አሳቀፈቻቸው። የዚያን ዓመት አጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተከመረውን ባሕር ዛፍ እዚያው ምስጥ በላው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ርቦት የሚሰርቅ ሰው ይገባኛል። ሳማ ሊያበቅል የሚሰርቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ለእንዲህ ያለው ከንቀት በቀር የምሰጠው የለኝም። ቂም እንኳ ይበዛበታል።

የልጅ ልጃቸው አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ከማን ግቢ ልቁረጥልህ?» አልኩት።

ግር ብሎት ሣቀ። «ከእርስዎ ግቢ ነዋ፣ እማማ!»

ማጭዱን ላመጣ ገባሁ።