በሰኔ ያረገፍኩት መንደሪን

ከባሌ ተፋትቼ መርሳ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩት መሬት ለአራሹ ተብሎ የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ለየአባወራው ካከፋፈለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለአባቴ የደረሰው ወንዙ ዳር ያለው ቁራሽ ነበር፤ በጉልምስናው የተከላቸው የመንደሪን ዛፎች የቆሙበት። እናቴ ሞታለች፣ ወንድሜ ዘምቷል፣ አባቴም ጉልበቱ ደክሟል። ስለዚህ ዛፎቹን ማጠጣቱም፣ መኮትኮቱም፣ መልቀሙም በእኔ ላይ ወደቀ። አልከፋኝም። በባሌ ቤት ስንት ቁንጥር ጨው ወጥ ውስጥ እንደሚገባ እንኳ በራሴ ወስኜ አላውቅም ነበር።

መንደሪን አመለኛ ዛፍ ነው። አንዱን ዓመት ቅርንጫፉ እስኪገነጠል ያፈራል፤ ፍሬው ግን ደቃቃ፣ ልጣጩ ሲነሣ ውስጡ ደረቅ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቅጠል ብቻ ይዞ ይቆማል። የመርሳ ሰው ይህን «ዛፉ አረፈ» ብሎ ያልፈዋል። አባቴም ሰውም ዛፍም ማረፉ አይቀርም፣ የአላህ ሥራ ነው ይል ነበር።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ በረዶ ወረደና ዳር ያሉትን ዛፎች ብቻ መትቶ አለፈ። ጥሬው ፍሬ ግማሹ ረገፈ። ለእነዚያ ዛፎች አለቀስኩላቸው። ኅዳር ላይ ስንለቅም ግን በላያቸው የቀረው ፍሬ መዳፍ የሚሞላ፣ ገና ሲላጥ ጭማቂው ክንድ ላይ የሚወርድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎቹ ሲያርፉ በረዶ የመታቸው አፈሩ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በረዶው የሠራውን በእጄ ብሠራውስ እያልኩ ከረምኩ።

ዛፎቹ ከልክ በላይ የተሸከሙበት ዓመት ሲመጣ፣ ሰኔ ላይ፣ ፍሬው ገና የሽምብራ ያህል ሳለ ጀመርኩ። ተጣብቀው ከበቀሉት መካከል ጤነኛውን ትቼ ሌላውን በጥፍሬ እየቀነጠስኩ ጣልኩ። ከዛፉ ሥር አረንጓዴ ፍሬ ተነጠፈ። አባቴ ምርኩዙን ይዞ መጣና ቆሞ ሲያይ ቆየ።

«አላህ የሰጠንን ሪዝቅ መሬት ላይ ትደፊያለሽ?» አለኝ።

በረዶውም የአላህ ነበር ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እራት ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ።

ማሳችን ወደ ውርጌሳ ከሚሄደው መንገድ ስለሚታይ ወሬው ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለመድረስ አልዘገየም። ሊቀመንበሩ ከአባቴ ጋር ውኃ በተራ ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሹመቱን ካገኙ ወዲህ ግን ሰላምታ እንኳ በስብሰባ ብቻ ሆኖባቸው ነበር። አንድ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አስከትለው መጡ፣ የረገፈውን በጫማቸው ገፋ ገፋ አደረጉና ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አሉ። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል ሰው ይታሰር ነበር፤ ታስሮም ያልተመለሰ አለ። ጉዳዩ በስብሰባ እስኪታይ ድረስ ዛፎቹን እንዳልነካ አዝዘውኝ ሄዱ።

ጀርባቸው ከመታጠፊያው ሲሰወር ተመልሼ ዛፍ ላይ ወጣሁ። የቀሩትን ጨርሼ ነው የወረድኩት።

ስብሰባው ሐምሌ ውስጥ ከማኅበሩ መጋዘን ፊት ለፊት ተደረገ። እጅ ተነሥቶ መፈክር ከተባለ በኋላ ተጠርቼ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ የማኅበሩን እቅድ፣ የሕዝቡን ችግር፣ የእኔንም ጥፋት አንድ ላይ አያይዘው ብዙ ተናገሩ። የምትይው አለሽ ወይ ሲሉኝ ጀመርኩ።

«ባለፈው ሳምንት በሬ ጠምደው ማሽላዎን ሲሸለሽሉ አይቻለሁ» አልኳቸው። «ለምለሙን ቡቃያ በማረሻ እየነቀሉ ነበር። ያስ አሻጥር ነው?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በእኛ አገር ማሽላው ከፍ ሲል ማሳውን መልሶ አርሶ የተጨናነቀውን ማሳሳት የማያውቅ ገበሬ የለም።

«ሽልሻሎ የአባቶቻችን ነው። ይህን ያንቺን ማን አስተማረሽ?» አሉ።

«በረዶ» አልኳቸው።

አላሾፍኩም፤ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ሰዉ ግን በሳቅ ፈነዳ፣ እርሳቸውም እንደ ስድብ ወሰዱት። ወዲያው መጋዘኑ ውስጥ ተዘጋብኝ። ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ይቅርታ ጠይቂ ቢሉኝ እንደማልጠይቅ አውቅ ነበር፤ ይህን ማወቄ ራሱ እንደ ምግብ ሆነኝ።

ጠዋት የአባቴን ድምፅ ከደጅ ሰማሁ።

«ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ፍሬውንም ያስረገፍኩት እኔ ነኝ» አለ ለሊቀመንበሩ። «ልጄን አውጣና እኔን አስገባ።»

ሊቀመንበሩ አባቴን አላስገቡትም። ኋላ በሩን አስከፍተው፣ ሁለተኛ ብትሠሪው ወደ ወልድያ እስር ቤት እልክሻለሁ ብለው ለቀቁኝ። መንገድ ላይ አባቴን አሁን አመንከኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላመነኝም። በጥፋቴ የሚቆጣኝ እርሱ እንጂ ሌላ ሰው እንዳልሆነ ነገረኝ።

በኅዳር የለቀምነውን መንደሪን ወልድያ ገበያ ስናወርድ ሰው ከሌላው ቅርጫት እየተነሣ ወደ እኛ መጣ። አባቴ አንዱን ላጠ፣ በላ፤ ከዚያ ሌላ ላጠ። የሚበልጠው ግን የቀጣዩ ዓመት ነው። የመንደሩ መንደሪን ሁሉ ሲያርፍ የእኛ አፈራ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ይህን የማኅበሩ ክትትል ውጤት ነው ብለው አስጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ከዚያ በኋላ የየሰዉን ማሳ አንድ ላይ አድርጎ በጋራ የሚያሠራ የአምራቾች ማኅበር ተቋቋመና ዛፎቹን ወሰደብን። አባቴ አንድ ቀን ብቻ እስከ ማሳው ሄዶ ግንዶቹን በእጁ ዳሰሰና ተመለሰ፤ ዳግመኛ ወደዚያ አልሄደም። እኔን ለቃሚ አድርገው መደቡኝ። ሰኔ ሲመጣ ግን ፍሬው ተጨናንቆ አየሁና ሳልጠይቅ ማርገፍ ጀመርኩ። የሥራ ኃላፊው ወጣት ነበር፤ ማን አዘዘሽ አለኝ። ማንም አላዘዘኝም አልኩት። ቀና ብሎ መንገዱን አየና እንዳይታይብሽ ከወንዙ በኩል ጀምሪ አለኝ፤ በደግነት ነው ያለው።

መሰላሌን አነሣሁና መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ጀመርኩ። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ አየኝ።