ዶሪን ብትጠፋ

የውብዳር ፈሪ ናት፤ ይህን ራሷም አትክድም። ዲቪ ደርሷት ሲያትል ከገባች ጀምሮ ኮፍያ የደፋ ወንድ ባየች ቁጥር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። በ2014 ኖርዝጌት የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ስታገኝም፣ ያስጨነቃት ከበሩ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ያለው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።

መላ ግን አላጣችም። አብራት የምትሠራው ዶሪን፣ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ምድሩ የእነሱ ከነበረ ሕዝብ ወገን ናት። የውብዳር ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ባለአገር ማለት በየመንደሩ አጎትና የወንድም ልጅ ያላት፣ ተነካች ሲባል አገር የሚነሳላት ሴት አይደለችም? ማን ደፍሮ ይጠጋታል! ስለዚህ ከሥራ ሲወጡ እንደ አገሯ ልማድ ክንዷን ቆልፋ ይዛት ትሄድ ጀመር። ዶሪንም አልከፋት። አራት ወር እንዲሁ ተቆላልፈው ሄዱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶሪን በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን፣ ጃኬቷንና ፊቷን በስልኳ አንስታ ለልጇ ላከች።

«ምነው፣ ሰርግ አለብሽ እንዴ?» ብላ የውብዳር ሳቀችባት።

ዶሪን አልሳቀችም። «ካልተመለስኩ ምን ለብሼ እንደነበር እንድታውቅ ነው። በየቀኑ እልክላታለሁ» አለች። ሌላ ከተማ ትኖር የነበረች እህቷ ከስምንት ዓመት በፊት ሱቅ ብላ እንደወጣች ቀርታለች። የዚያ ከተማ ፖሊስ «ጠጥታ የሆነ ቦታ ሄዳ ይሆናል፣ ትመለሳለች» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

የውብዳር ክው አለች።

«አገሩ የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«ሌላ ሴት ሰው እንዳይነካት ትፈራለች። እኛ ባለአገሮቹ ደግሞ ስንጠፋ የሚፈልገን ሰው እንዳናጣም እንፈራለን። አንቺ ብትጠፊ የቤተ ክርስቲያንሽ ሰው በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያውን ያጥለቀልቀዋል። ካንቺ ጋር የምሄደው ለምን መሰለሽ? አብረን ከጠፋን፣ አንቺን ሲፈልጉ እኔንም ያገኙኛል።»

ጉድ! አራት ወር ሙሉ የተጠለለችባት ሴት በእሷ ተጠልላ ኖሯል። የውብዳር ደነገጠች፣ ቀጥሎም ተናደደች።

«እኔ እፈልግሻለሁ፣ ማርያምን! ጣቢያው በር ላይ ነው የማድረው! ፖሊሱ ላይ እጮህበታለሁ!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ፣ ፖሊሱ ብዕሩን አንስቶ «ሙሉ ስሟ ማን ነው?» ሲላት ታያት። ዶሪን ከማለት በቀር የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃት አታውቅም። መሬት መሬቱን እያየች ስልኳን አወጣች።

«የአባትሽን ስም ንገሪኝ» አለቻት። «ቀስ እያልሽ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ።»