እሺ ካላሉ አንቀመጥም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳሮን ደወለችልኝ። እዚሁ ኮለምበስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። ወሬዋን ስትጨርስ እንደ ዋዛ፣ «ዳዲ፣ የዩኒየን ስቱዋርድ ሁኚ አሉኝ፤ አይ ሴድ ኖ» አለችኝ። ስቱዋርድ ማለት ሠራተኛ አለቃው ፊት ሲቀርብ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ሠራተኞች ከመካከላቸው የሚመርጡት የዩኒየኑ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይ ነው።

«ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?»

«ዋንስ። ዋይ?»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሐሳቤ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ፒከሪንግተን፣ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሳሎን ሄደ።

ያኔ ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ቢጫ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ጠዋት ልጆቹን አድርሰን፣ ከሰዓት እስክንመልሳቸው ጋራዡ ውስጥ ባለችው የሾፌሮች ክፍል እንቆያለን። ውጭው በበረዶ ሲነጣ ማሞቂያው እየተንጫጫ ይሠራል። እኛ አበሾች አንድ ጥግ ነበረችን፤ እትዬ አስካለ ከቤት የሚያመጡትን ፍትፍት ከአንድ ሳህን እየተሻማን እንበላለን። ከሁላችንም ቀድመው እዚያ ጋራዥ መሪ የጨበጡ ሴት ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ያጠፋ ደግሞ ከሳቸው አያመልጥም።

የዩኒየኑ ሰው ዴል የሚባል ሸምገል ያለ ነጭ ሾፌር ነበር። አባል ሊመለምል ወደ ጥጋችን ሲመጣ ዶናት ይዞ ነው፤ ያውም በዐቢይ ጾም። ዶናቱን የሚነካለት ሲያጣ፣ እነዚህ ሰዎች ዩኒየን አይፈልጉም ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን እትዬ አስካለን ስቱዋርድ እንዲሆኑ ጠየቃቸው። «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አሉት። አመስግኗቸው ሄደ፤ ሁለተኛ አላነሳውም። እኛም አባል ሳንሆን፣ ተወካይም ሳይኖረን ከረምን።

በዚህ መሀል የባልደረባችን የጋሼ መኮንን ነገር መጣ። በረዶ በጣለበት ጠዋት ዋይንላንድ ፓርክ ፌርማታ ላይ አንዲት ተማሪ ጥለህ ሄድክ ተብለው ተከሰሱ። እሳቸው ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ ልጅ አልነበረችም ይላሉ። ቀደም ብሎ በሌላ ጉዳይ ተጠርተው ብቻቸውን ገብተው ነበር። አለቃን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ብለው መሬት መሬት ሲያዩ፣ ሱፐርቫይዘሩ ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ዓይኑን አይሰብርም ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። አሁን ክሱ ለሚሰማበት ሂሪንግ ዓርብ ተጠርተዋል፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ማለት ደግሞ ስንብት ነው። አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ናቸው።

ደሜ ፈላ። ዴልን አውቶቡሱን ሲጠርግ አገኘሁት።

«ስቱዋርድ ብትመርጡ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር፤ መብታችሁ ነው» አለኝ። «አስካለን ጠይቄያት ነበር፣ አልፈልግም አለች።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅካት?»

«አንድ ጊዜ። ኖ ማለት ኖ ነው።»

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ የጨዋ ደንብ መሆኑን፣ ሹመትን ዘሎ የሚቀበል ሰው እንደሚናቅ አስረዳሁት። ታዲያ ምን ይሻላል ሲለኝ፣ ሽማግሌ እንልካለን አልኩት። የእኔ ዕድሜ ለሽምግልና አይበቃም፤ የሱ ሽበት ግን ይበቃል።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ፣ ሌሎች ሁለት ሾፌሮች ጨምረን ፒከሪንግተን ሄድን። በየመንገዱ ዳር የቆሸሸ በረዶ ተቆልሏል። ጫማችንን አውልቀን ሳሎኑ መሀል ቆምን።

«ምነው፣ ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም።»

ነገሩ ገባቸው። ምስር ወጡን አቅርበው ስለነበር ዴል ዓይኑን ከትሪው መንቀል አቅቶታል።

«ልጄ፣ ሰው አገር ነው» አሉኝ። «አርፈን እንጀራችንን ብንበላ አይሻልም? ነገ እኔንስ ቢይዙኝ?»

«የማን አገር ነው፣ እትዬ? ልጆቹን በበረዶ የምናመላልሰው እኛ። ጋሼ መኮንንም አርፈው ነው የበሉት፤ ምን ጠቀማቸው?» ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት ዴል ትከሻዬን ሲይዘኝ ነው።

«እኔ አልችልም» አሉ ደግመው። ቆምን። የዴል አውራ ጣት ካልሲውን ቀዶ ወጥቷል። እትዬ አስካለ ጣቱን አዩና፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የማይቀመጠው?» አሉ።

«እሱም እንደኛው ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ብቻዬን ግን አልገባም። ሁላችሁም አባል ትሆናላችሁ። ከኋላዬ ሰው ከሌለ የማን ተወካይ ነኝ?»

«እንሆናለን» አልን።

«በሉ ተቀመጡ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።»

ዓርብ ሲደርስ የጥጋችን ሰው በሙሉ አባል ሆኖ፣ እሳቸውን መርጦ ነበር። እኔ በአስተርጓሚነት ገባሁ። ሱፐርቫይዘሩ ለእትዬ አስካለ ግድግዳው ሥር ያለ ወንበር አሳያቸው። ወንበሩን አንስተው ጋሼ መኮንን አጠገብ አደረጉና ተቀመጡበት።

«ቦታዬ እዚህ ነው በለው» አሉኝ። አልኩት። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው፣ «ቀና በል፣ መኮንን። እያየኸው ንገረው።»

ጋሼ መኮንን ቀና አሉ። እንደዚያ ቀን ረዝመው አይቻቸው አላውቅም። ሲጨርሱ እትዬ አስካለ የአውቶቡሱ ካሜራ ይታይልን አሉ፤ ታየም። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ፌርማታው ባዶ ነው። ክሱ ተነሳላቸው። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ግን አላነሱላቸውም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዩኒየን ዘመኑ አልፎበታል የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኛ ሳንገባ የቆየነው ጠልተነው አልነበረም፤ በወጉ የለመነን ስላልነበረ ነው። ሳሮን የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ኖ ስትል የምሯን ሊሆን ይችላል። እምቢ ማለት መብቷ ነው። ቆሞ መጠየቅ ደግሞ የእኔ።

ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ነገሩን ሳልጨርስላቸው «መጥተህ ውሰደኝ» አሉ። እሑድ ከሰዓት ኢስተን አካባቢ ያለውን የልጄን አፓርትመንት በር አንኳኳን።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ! ኮም ኢን፣ ሲት ዳውን» አለች ሳሮን ወንበር እየሳበች።

እትዬ አስካለ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ።

«አንቀመጥም» አሉ።