የአክስቴ ኮንጎ ጫማ

በደርግ ጊዜ የደባርቅን ሴቶች ማኅበር በጭነት መኪና አሳፍረው ጎንደር ግንቡን አስጎበኙን። በሩ ላይ ሰው ይተራመሳል። አክስቴ ቅጥሩን ስታይ ቤተ ክርስቲያን መስሏት አዲሱን ኮንጎ ጫማዋን አወለቀችና በሩን ተሳለመች። ካድሬው «ለነገሥታት ነው የምትሰግጂው?» ብሎ አፈጠጠባትና ሕዝብ ፊት አቁሞ «ፊውዳሊዝም ይውደም!» አስባላት። ድምፅሽ አልተሰማም እያለ ደጋግሞ አስጮኻት። አብረውን የመጡት ጎረቤት ተብዬዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ስትመለስ ጫማዋ የለም።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ ጫማው በባዶ እግሯ የመጣችው ጎረቤታችን እግር ላይ ነበር። ሁሉም አየ። እኔ ልናገር ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ዳባትን ስናልፍ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፦

«እህቴ፣ አልጠበበሽም?»