የታዘዘልኝ ዕረፍት

ሲቀላ በሚባል ሰፈር አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ሰባቱንም ቀን ነው የማጥበው። ጫኖ መንደር የምትኖረው እህቴ እግሯ ተሰብሮ ተኝታ፣ "ነይና እይኝ" እያለች ብትልክብኝም ቀን አጣሁላት። ታዲያ አንድ ጊዜ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መጣ። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት የግድ ነው ብሎ የፔንሲዮኑን ባለቤት ሴትዮ ተቆጣና፣ "አንዱን እሑድ ሳልነግርዎ እመጣለሁ፤ እኚህን እናት ሲሠሩ ካገኘኋቸው እከስዎታለሁ" ብሏት ሄደ።

እሑድ ማለዳ ነጠላዬን ደርቤ ልወጣ ስል ሴትዮዋ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"እማማ፣ ወዴት?"

"ጫኖ፣ እህቴ ጋ።"

"ሰውየው ቢመጣስ? ሲያርፉ በዓይኑ ካላየ ማን ያምነኛል?"

ወንበር አምጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ከጠዋት አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት አረፍኩ። እግዜር ይስጣት፣ ትራስም ሰጥታኛለች። ዝናብ ሲያስገመግም አንሶላ ላነሣ ብድግ ብል፣ "ኧረ ይቀመጡ! ሊያሳስሩኝ ነው?" ብላ ራሷ እየሮጠች ሰበሰበች። ጦጣ መጥታ ሳሙናዬን ስትወስድም ቁጭ ብዬ አየኋት። ጦጣ ማባረር ከሥራ ይቆጠር አይቆጠር ሁለታችንም አናውቅም።

እንዲህ ሳርፍ በአራተኛው እሑድ ሰውየው ከች አለ።

"እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"እያረፍኩ ነው፣ ልጄ።"

"ቤትዎ ለምን አላረፉም?"

"ቤቴማ ማን ያየኛል?"

ሴትዮዋ በኩራት፣ "ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላሉም!" አለች።

"ልሂድ ቢሉስ?"

"እያረፉ ወዴት ይሄዳሉ?"

"እንግዲያው ይሄ ሥራ ነው" ብሎ መጻፍ ጀመረ።

"መቀመጥ ሥራ ነው ካልክማ ለባሌም ጻፍለት! ባንኮኒ ኋላ ስውል ሥራ ፈት እያለ ነው የሚሰድበኝ!"

"አሁን ልሂድ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ትንሽ ይቀመጡ፣ ምስክር ነዎት።"

ወረቀት አለቀበት፣ ሌላ አስመጣ። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። የጫኖ ባጃጅ ሊያመልጠኝ ነው። ተነሣሁ።

"እማማ፣ ይቀመጡ!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። የዚያን ቀን የተስማሙት በዚህችው ብቻ ነው።

"ይቅር በሉኝ፣ ልጆቼ" ብዬ ወጣሁ።

እህቴ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አገኘኋት።

"ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?"

"አይ፣ ማረፉ አደከመኝ።"

ውኃ አሙቄ ጀርባዋን አሸሁላት። ከተኛች ወዲህ እዚያ የነካት ሰው የለም ኖሮ እንደ ሕፃን ትስቅ ነበር።