የእህቴ ሳፋ

ስኮላርሺፕ የሚሉትን ነገር ከነሰጪዎቹ ጠልቼዋለሁ። የልጅ ልጄ እንዳታጣው ግን ከማንም ጋር እጣላ ነበር፤ ተጣልቻለሁም።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ የምርምር ዕድል ሰጣት። ትምህርቷ ስታቲስቲክስ ነው፤ ሥራዋ ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ሰው እጅ እስኪገባ ምን ያህል እንደሚበላሽ በቁጥር ማወቅ ነው። ያ ዕድል ከቀረ ካምባ ሄዳ የአጎቷ ሱቅ ውስጥ ልትቀመጥ ነበር።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሳፋቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። ልጅቷ ለየሳፋው ቁጥር ሰጥታ ዕጣ ታወጣለች፤ ዕጣ ከወጣበት ሳፋ ዓሣ ተወስዶ ላብራቶሪ ይገባል። ሴቶቹ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ዕጣው የደረሳት ሁሉ “ለኛ ልጅማ ያደረ ዓሣ አንሰጥም” እያለች የሳፋዋን ትታ ከጀልባ ገና የወረደውን ታመጣላታለች። ትልልቅ ሴቶችን እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት ተቀበለች።

አማካሪ መምህሯ አንድም የተበላሸ ዓሣ የሌለበትን ውጤት ሲያይ ዕድሉን ለተጠባባቂው ተማሪ እሰጣለሁ አላት። እያለቀሰች መጣች። ነጠላዬን አንስቼ ቢሮው ሄድኩ።

“ማዘር፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም” አለኝ ከወንበሩ ሳይነሳ።

“ማዘር አትበለኝ፤ አልወለድኩህም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ በአራተኛ ክፍል ንገረኝ።”

ሳቀብኝ። “ከላንቴ የመጣ የሙዝ ጭነት ላዩን ብቻ ቢያሳዩዎት ይገዛሉ?”

“አልገዛም።”

“የልጅ ልጅዎ ግን ገዝታለች።”

ደሜ ፈላ፤ ምክንያቱም ልክ ነበር። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ዓይኑን ማየት አልወድም፤ ግን አልዋሸም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው እንድትደግመው ፈቀደ። ደግማ ካበላሸችው ቦታው የሌላ ሰው ነው።

በማግስቱ አብሬያት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። “ዛሬ የሳፋዋን ዓሣ የምትቀይር ካለች እኔን ረግጣ ትለፍ” አልኳቸው ሴቶቹን።

“እትዬ ፖሊስ ሆነች” አለች አንዷ።

“ዱላውን አልሰጧትም እንዴ?” አለች ሌላዋ። ተሳሳቁብኝ።

ልጅቷ እጇን ቁጥሮቹ ያሉበት ፌስታል ውስጥ ከትታ ዕጣ አወጣች። የታናሽ እህቴ ሳፋ ሆነ።

እህቴ ባሏ ከታመመ ጀምሮ ቤቷን የምታስተዳድረው በዓሣ ነው። ከላይ የደረደረችው ቆሮሶ ዓሣ ያብረቀርቃል። ከሥሩ እርጥብ ጆንያ አለ፤ ከጆንያው ሥር ያለው ያደረ ነው። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ልጅቷ ከላይም ከሥርም መውሰድ ነበረባት። እጇን ወደ ሥር ስትሰድ እህቴ ጆንያውን ያዘች።

“እትዬ፣ ደንበኞቼ እያዩ?” አለችኝ በጋሞኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሌላ ዕጣ ታውጣ። ምን ይጎድልባታል?”

“ስም አይጻፍም አክስቴ፤ ቁጥር ብቻ ነው” አለቻት ልጅቷ።

“ባይጻፍስ? ይሄ ሁሉ ሰው ዓይን የለውም?”

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። የእህቴን ባለፍ የሌሎቹን ጆንያ በምን አፌ አስገልጣለሁ?

“ልቀቂ” አልኳት እህቴን።

“አንድ ጡት የጠባን አይደለንም?”

“ልቀቂ አልኩሽ።”

ለቀቀች። ከሥር የወጣው ዓሣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሽታው ራቅ ብሎም ይሰማል። ሁልጊዜ ከእሷ የሚገዛው የሆቴል ሰው አየና ወደ ሌላ ሳፋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ዕጣ ሲደርሳቸው ጆንያቸውን ራሳቸው ገለጡ። የሳቀም የቀለደም አልነበረም።

ልጅቷ ዕድሏን አላጣችም። እህቴ ግን በቤተ ክርስቲያን እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ተነስታ ትሄዳለች። ሽማግሌዎች መጥተው “አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂያት” አሉኝ።

“ደንበኛዋ በመሄዱ አዝናለሁ። ይቅርታ ግን ያጠፋ ነው የሚጠይቀው፤ እኔ አላጠፋሁም” አልኳቸው። “ገዢ ካጣች እኔ እገዛታለሁ፤ ዓሣው የዕለቱ ከሆነ።”

ሄደው ነገሯት። “ለእሷ ከምሸጥ ሐይቁ ውስጥ መልሼ እደፋዋለሁ” ብላ ላከችብኝ።