መርከቧ የት ደረሰች?

ዜናው የደረሰኝ ልብስ ስተኩስ ነው። እዚህ ማስካት የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሁላችንም «ማማ» የምንላቸው፣ ከሰዓት በኋላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርገው ማንቀላፋት ይወዳሉ። እኔም የካውያው እንፋሎት ፊቴን እየገረፈኝ፣ በልቤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እያደረስኩ ሳለ፣ ከሳሎን ከሩቅ የሚነፋ መለከት የመሰለ ዜማ መጣ፤ ትንሽ ይሰማና ዝም ይላል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። እጄ ካውያውን እንደያዘ ቀረ። አንዲት ሴት በዓረብኛ፣ ያ የድሮው የመርከብ ፊልም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በየሳምንቱ ሊታይ መሆኑን ተናገረች። እስክትጨርስ የማማ ትራስ ልብስ ላይ የካውያው ቅርፅ ቡናማ ሆኖ ታተመ፤ ለኔ ግን ከተቃጠለው ጨርቅ ሽታ ቀድሞ የመጣልኝ የአሹቅ ሽታ ነው፣ ተቆልቶ በውኃ የራሰ የባቄላ ሽታ፣ በልጅነቴ መካነ ሰላም ላይ፣ ጎረቤታችን እት ከድጃ ቤት።

ከድጃ ከጂዳ ስትመለስ ቴሌቪዥኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭና ነው የመጣችው። አቀስታ ላይ ብርዱ ሲጠናባት ብርድ ልብሱን ለራሷ ልትወስደው አስባ እንደገና ለቴሌቪዥኑ እንደተወችለት ራሷ እየሳቀች ታወራ ነበር። ዲሹን ጣሪያዋ ላይ አስተከለችና እግሩን በድንጋይ አስደገፈችው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ግን ዲሹ ፊቱን ያዞራል፣ ምስሉም ይበታተንና እኛ ሁላችን አንድ ላይ እናቃስታለን። ከቤታችን አጥር ማዶ ስለነበረች፣ የመሪጌታ ልጅ ብሆንም እሷ ቤት ስውል ማንም «የት ነበርሽ?» አይለኝም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማታው ገደማ፣ ከብት ሳይገባ በፊት፣ የሰፈሩ ሴትና ልጅ እሷ ቤት ይሰበሰባል፤ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፣ ወይ አሹቅ ወይ ቆሎ ይይዛል፣ ጾም ሲሆን ለክርስቲያኑ ሲባል ቅቤ የነካው ነገር አይመጣም፣ በረመዳን ደግሞ እኛ ክርስቲያኖቹ እነሱ እስኪያፈጥሩ ጉንጫችንን አናንቀሳቅስም።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው፣ በዓረብኛ የተመለሰ። አንዲት ትልቅ መርከብ ከከዋክብት መካከል መንገዷ ጠፍቷት አገሯን ትፈልጋለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ከከድጃ በቀር ዓረብኛ የሚሰማ አልነበረም። ቁርኣን የቀሩት ልጆች ፊደሉን ያውቁታል እንጂ ወሬውን አያውቁትም። ስለዚህ ከድጃ በርጩማዋን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ እኛ መልሳ፣ ጆሮዋን ብቻ ወደ ፊልሙ ሰጥታ ታስተረጉምልናለች። ስማቸው ምላስ ይሰብራል ብላ ለሁሉም ራሷ ስም አወጣችላቸው፤ ሽማግሌው የመርከቡ አዛዥ ይማም፣ ከብረት የተሠራው ሰው ሎሌው፣ መነጋገሪያው ፊት ተቀምጣ ወደ አገር ቤት የምትጣራዋ ልጅ ደግሞ ሰዓዳ ሆኑ። እስከ ዛሬ ድረስ ሌላ ስም ያላቸው አይመስለኝም።

ከሁላችንም ፊት፣ አጎዛው ላይ፣ እማ ዘይነባ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ሀዋ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። እማ ዘይነባ ዓረብ አገርን እንደ አቀስታ ገበያ ነበር የሚያዩት፤ እዚያ የቆየ ሰው እንዴት ሀዋን ሳያያት ይቀራል? ከድጃ በመጣች ሰሞን ደጋግመው ጠየቋት፣ አላየኋትም ስትላቸው ደግሞ መልሰው ልጂቱ ረጅም መሆኗን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ይነግሯታል፣ ምናልባት ትዝ ይላት እንደሆነ። በኋላ መጠየቁን ተዉት። ፊልሙን ግን አንድም ሐሙስ አልቀሩም፤ ሰዓዳ መነጋገሪያው ፊት ስትቀመጥ የሚቆረጥሙትን ከአፋቸው ሳያወርዱ ይቆዩ ነበር። ያን ጊዜ ከድጃ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ «እማዬ፣ ደህና ነኝ። አታልቅሺ። መንገዱ ረዝሞብኝ ነው» ትላለች በሰዓዳ አፍ።

እኔ ያየሁትን ሁሉ ማታውኑ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ነገር ግን ዳዊታቸውን አጥፈው ከተቀመጡ በኋላ፣ ምንም እንዳልጓጓ ሰው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እና መርከቧ የት ደረሰች?» ይሉኛል። ኢዮርን፣ ራማን፣ ኤረርን አልፋ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ የመላእክቱን ከተማ ሳትነካ ያን ያህል ከሄደች በሌላ በር ወጥታለች ማለት ነው ብለው ያስባሉ። ሎሌው የጠፋ ዕለት፣ ሕፃናቱን ለማዳን ሲል እሳት ውስጥ ገብቶ ዓይኑ የጨለመ ዕለት፣ እማ ዘይነባ «ኢና ሊላሂ» ሲሉ እኔ አማተብኩ፤ እያለቀስኩ ቤት ገብቼም ለብረት ነፍስ ይማር ይባል እንደሆነ አባቴን ጠየቅኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ነፍስ የሌለውን ምኑን ይምሩለታል፣ ለወዳጅ ማዘን ግን ኃጢአት የለበትም አሉኝ። እፎይ ብዬ አለቀስኩ።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው መርከቧ ጥቁሩ ጉም ውስጥ የገባች ሐሙስ ነው። ክፍሉ እዚያው ላይ አለቀ፤ መብራቷ ጠፍቶ፣ ሰዓዳ እየተጣራች፣ ያ የመለከት ዜማ መጣና ለሳምንት በሩን ዘጋብን። ማንም አልተነሳም። አንዷ ሴት፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ በጨለማ ሊተዋቸው ነው ወይ አለች። እማ ዘይነባ ወደ ከድጃ ዞር አሉና፣ በማግሥቱ ወዳጃ እናድርግላቸው አሉ። ወዳጃ እኛ አገር ሰው ሲጨንቀው ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርስበት ነው፤ ለታመመ፣ ለዝናብ፣ ለመንገደኛ ይደረጋል፣ ክርስቲያኑም ሄዶ ጥጉን ይይዛል። ለፊልም መርከብ ተደርጎ ግን ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ከድጃ ሳቋ አመለጣት።

«እማ ዘይነባ፣ አንቱም! ሰው የሠራው ተረት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ አጎዛቸውን እያራገፉ። «ዱዓ ግን መንገድ አይስትም። መርከብ ከሌለ የሚሄድበትን ያውቃል።»

ከድጃ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። በማግሥቱ ተሰበሰብን፤ እማ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው «የራቀውን አቅርብ፣ የጠፋውን መልስ፣ በጨለማ ላለው ብርሃን ስጥ» ሲሉ ሙስሊሙ «አሚን»፣ እኛ «አሜን» አልን፤ ስሟ ሳይጠራ ለማን የተደረገ ዱዓ እንደሆነ የማያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። አባቴ ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ የጠየቁኝ መርከቧ ከጉሙ ወጥታ እንደሆነ ብቻ ነው። ወጥታ ነበር። እማ ዘይነባ ያን ዕለት አጎዛቸው ላይ ሆነው ልክ የዳነ በሽተኛ መስለው ነበር።

የመጨረሻው ክፍል የመጣ ሐሙስ የደብራችን የንግሥ ዋዜማ ሆነ። አባቴን ተከትዬ መሄድ ነበረብኝ፤ ሄድኩም፣ ልቤ ግን አጥር ማዶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆኜ በዜማው መሐል ጆሮዬን ወደ ከድጃ ቤት ጣልኩ። ነፋስ ነበር። እንደ እልልታ ያለ ነገር የሰማሁ መሰለኝ፣ ወይም ሴቶች አንድ ላይ ሲያቃስቱ። ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

በማግሥቱ ልጆቹን ብጠይቅ አንዷ መርከቧ አገሯ ገባች አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ነፋሱ ዲሹን አዙሮት ምንም እንዳልታየ፣ ከድጃ ግን ማስተርጎሟን ሳታቋርጥ ባዶው መስታወት አጠገብ ተቀምጣ ትረካዋን እንደጨረሰች ነገረችኝ። ምን ብላ እንደጨረሰች ሳይነግሩኝ ጭቅጭቅ ገጠሙ። እኔም ከድጃን እጠይቃለሁ ብዬ ተውኳቸው።

ያን ቀን እማ ዘይነባ የሀዋን ሳጥን ወደ ደጅ አውጥተው ከፍተውታል። በየበጋው ልብሷን ፀሐይ ያሞቁላት ነበር፣ ሲመሽ ግን መልሰው ያጥፉታል። በዚያ ቀን ጠሩኝና ቢጫውን ሻሿን አንገቴ ላይ ጣሉልኝ፤ ሌላውንም ልብስ ለሰፈር ልጆች አደሉት። ፊታቸው አላዘነም፣ ደስ ያለውም አይመስልም፤ ሰው ሥራውን ሲጨርስ የሚመስለውን ይመስል ነበር። አደግኩ፣ ደሴ ለትምህርት ወረድኩ፣ ከዚያም ያው እንደ ሀዋ ዓረብ አገር መጣሁ። ከድጃ ዛሬ ነገ ስል ሳልጠይቃት ሞተች፣ እማ ዘይነባም ተከተሏት፤ አላህ በጀነት ያኑራቸው፣ እነሱ ለእኛ ሙታን በእኛ ቋንቋ ነፍስ ይማር ይሉ እንደነበረው እኔም በእነሱ ቋንቋ እላለሁ። ሀዋ እስከ ዛሬ አልተሰማችም። ገበያ ስወጣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ረጅም ሴት ካየሁ ሳላስበው እከተላታለሁ።

አሁን እንግዲህ ፊልሙን እንደገና አየሁት፣ ከማማ እግር ሥር ቁጭ ብዬ። ጾም ገብቶ ነበርና ማየት ይገባኛል አይገባኝም ብዬ ብዙ ተሟገትኩ፤ በመጨረሻ እየሰፋሁ ካየሁ አይከፋም ብዬ መርፌዬን ያዝኩ። መርከቧ ጉሙ ውስጥ ስትገባ እንደምትወጣ እያወቅኩ እንኳ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ሎሌው ሲጠፋ ማማ ሳቁብኝ፣ መሃረብም ሰጡኝ። ነገር ግን ከለቅሶዬ በላይ ጆሮዬን ያስነሣው ሌላ ነው። ዛሬ ዓረብኛ እሰማለሁ። ሰዓዳ መነጋገሪያው ፊት ስትቀመጥ «እማዬ» አትልም። ስለ አየሩ ትናገራለች፣ ስለ ነዳጁ፣ መርከቧ ስላለችበት አቅጣጫ፤ እንደ ራዲዮ የአየር ሁኔታ ዘገባ ድርቅ ያለ ነገር ነው። «ደህና ነኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የፊልሙ ዓረብኛ የመጽሐፍ ዓረብኛ ስለሆነ፣ የቤትና የገበያውን ብቻ የምታውቀው ከድጃ አልገባት ይሆናል ብዬ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰብኩ። ኋላ በርጩማዋ ትዝ አለኝ፤ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ በሰዓዳ አፍ በምትናገርበት ጊዜ ሁሉ ዓይኗ አጎዛው ላይ ነበር።

መጨረሻውንም አየሁ። መርከቧ አገሯ አትገባም። ማንም የማያውቃት ለምለም ምድር ላይ ታርፋለች፣ ሰዓዳም መነጋገሪያውን በእጇ ታጠፋና ደጅ ወጥታ አዲሱን ፀሐይ ትሞቃለች። ጎመን መክተፍ እስኪያቅተኝ አለቀስኩ። ባለፈው ሰንበት ለአባቴ ደውዬ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ መርከቧን እንደገና ማየቴን ስነግራቸው ድምፃቸው ወዲያው ታደሰ፤ «እና የት ደረሰች?» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ የተናገርኩት ሌላ ሆነ፤ ደህና ነኝ፣ አያስቡ፣ መንገዱ ረዝሞብኝ ነው አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ።

ሻሹ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፣ ቢጫው አሁን እንደ ገብስ ገለባ ነው። በእጄ ስይዘው አንድ ነገር ብቻ አላውቅም፤ እማ ዘይነባ የሰጡኝ ሀዋ ሌላ ይዛ ትመጣለች ተብለው ነው ወይስ አትመጣም ተብለው? ስለዚህ ያን ሐሙስ እት ከድጃ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፣ በሩ ጋ የተቀመጣችሁ፣ የአሹቁን ሳህን የያዛችሁ፣ መርከቧ ገባች አልገባችም ብላችሁ የተጨቃጨቃችሁም፣ ፊልሙን እንዳትነግሩኝ። እሱን አይቼዋለሁ። ዲሹ ከዞረ በኋላ ከድጃ እማ ዘይነባን እያየች ያለችውን፣ እንዳለችው አድርጋችሁ፣ በድምፃችሁ ላኩልኝ።